አፌ ሳያውቀው የሚገባ መድኃኒት

ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ላይ የያረጋል ስም ሲመጣ «እንኳን አብሮ አደረሰን» እያልኩ አነሳሁት። ሚስቱ ናት። ትናንት ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ጣለው፣ አልተነሳም አለችኝ። ደግሜ አስነገርኳት። አሁንም አላመንኩም።

ለማታውቁት፣ ያረጋል የአክስቴ ልጅ ነው። ቢቸና ገበያ ዳር ልብስ ይሰፋል። ከልጅነቱ የሚጥል በሽታ ነበረበት፤ ክኒኑን በየቀኑ ከዋጠ ግን ደህና ነው፣ ማሽኑን ሲረግጥ ይውላል። በሌላው ጾም ወደ ማታ አዛውሮ ይውጣታል። አክፍሎት ሲይዝ፣ ከስቅለት እስከ ትንሣኤ እህል ውሃ ሳይቀምስ ሲሰነብት ግን ክኒኗም ትቀራለች።

የነፍስ አባቱ ተቆጥተውታል። ለታመመ ተፈቅዷል፣ ዋጥ ብለውታል። እኔም ሞጣ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ ሕማማት በመጣ ቁጥር እየደወልኩ ለምኜዋለሁ። ወይ ፍንክች! «እሳቸው ቢፈቅዱልኝም አፌ ያውቀዋል» ነው መልሱ።

አንድ ጊዜ ስልጠና ላይ ያገኘሁትን ቪዲዮ አሳየሁት። ቆዳ ስር የምትቀበር ትንሽዬ ቺፕ ናት። መድኃኒቱን በውስጧ ከፋፍላ ትይዛለች፤ ከውጭ ያለ ሽቦ ትእዛዝ ሲደርሳት የዕለቱን ትለቃለች። ስፌቱን አቁሞ ደጋግሞ አየው።

«ይሄማ አፌ ሳያውቀው ነው የሚገባ» አለ። ፊቱ እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

ሚስቱ ክንዷ ላይ የወሊድ መከላከያ አስቀብራለችና፣ ለእሷ ጤና ጣቢያው የቀበረላትን ለእኔስ ለምን አይቀብርልኝም አለ። ወዲያው ደግሞ ሪሞቱን ለእሷ እንዳትሰጡብኝ ብሎ ሳቀ።

ገና ምርምር ላይ ናት፣ ለአንተ በሽታም አልተሠራችም አልኩት። አልሰማኝም። ከዚያ ወዲህ በደወለ ቁጥር ከሰላምታው በፊት «ያቺ ነገር ሞጣ ደረሰች?» ይለኛል። ሞጣ! መንገድ ሲዘጋ ክኒኑ ራሱ የሚጠፋበት ከተማ። ገና ናት ስለው፣ እንግዲህ እጠብቃታለሁ ይላል።

«በዚህ ቀን መሞት መታደል ነው» ብላችሁ አትጻፉልኝ፣ እባካችሁ። ዛሬ መጽናናት አልፈልግም። ሬሳውን ቤት ሲያስገቡት ነጠላው ጫፍ ላይ ክኒኗ ተቋጥራ ተገኘች። ቅዳሴ ሲወጣ ሊውጣት ይዟት ነበር። መድኃኒቱን ታጥቆ ሞተ እኮ!

ቀብሩ ዛሬ ነው። መኪና የለም። እዚሁ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ።

ያረጋልዬ፣ እኔ እግዚአብሔርን እንደ አንተ አላውቀውም። ግን አንዲት ክኒን ብትውጥ ይቀየምህ ነበር ብዬ አላምንም፤ ማንም አያሳምነኝም። ልጆችህን ምን እንደምላቸው ንገረኝ።

ደህና ሁን፣ ወንድሜ። አገሩ ሁሉ ዛሬ ፈስኳል። አንተ ብቻ እንደ ጾምክ ሄድክ።