ቺንጋው የወለቀ ወፍጮ

ቦጂያ ጊንጪ ላይ ሠላሳ ዓመት እህል ፈጭቷል። የናፍጣ ወፍጮውን የተከለው ከሸሪኩ ከቱፋ ጋር ነበር። ሁለቱም ቀኑን ሙሉ በዱቄት ነጥተው ስለሚውሉ ከሩቅ ማን ማን እንደሆነ የምንለየው በሳላቸው ነው። ሥራቸው በጆሮ ነበር። የሞተሩ ድምፅ ሲከብድ ናፍጣ ይሰጡታል፤ ካልከበደ አይነኩትም። ምሽት ላይ ቦጂያ በሩ ላይ ቆሞ «ቱፋ፣ ዘጋን» ይላል፤ ቱፋም ከውስጥ ብረቱን በመዶሻ አንዴ መትቶ ይመልስለታል።

ቱፋ በሳል ሞተ። ቆይቶም የመብራት ወፍጮ ከተማውን ሞላው። ቦጂያ ሞተሩን ከድንጋዩ የሚያገናኘውን ረጅሙን ቺንጋ አውልቆ ምስማር ላይ ሰቀለና በሩን ዘጋ። ሳሉ ግን አብሮት ቤት ገባ።

በ2011 ዓ.ም. ሐኪሞች ሳንባው በአቧራና በጭስ ብዛት እንደጠበበ ነግረው በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጡት። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ተባለ። የመድኃኒቱ ዕቃ ከጎኑ ትንሽ መስኮት አለችው፤ ከስልሳ ጀምራ በሳቡት ልክ አንድ አንድ እየቀነሰች ታሳያለች።

በሳምንቱ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ደጄ መጥቶ ቆመ። 

«ባርሲሳ» አለኝ። መምህር ማለቱ ነው፤ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ይህን ስም አልቀማኝም። «ወፍጮው ተነሥቷል።»

ማን አስነሣው ብዬ ብጠይቀው ቱፋ ነው አለ። አልቀለደም። ከተነሣ ሦስት ቀን ሆኖታል፤ ቦጂያ ሲቀመጥ ይፈጫል፣ ጋደም ሲልም ትራሱ ሥር ይፈጫል። ቱፋ ሊወስደው እንደመጣ ገብቶታል። የተቀያየማቸውን ታርቋል፣ ነጩን ልብሱን አሳጥቧል።

ስለ ሞት ከመጻሕፍት ጋር ብዙ ተከራክሬአለሁ። ልብሱን አሳጥቦ የሚጠብቅ ሰው ፊት ስቆም ግን ካፖርቴን ደረብኩ። አብረን ሄድን።

ቁልፉ ዝጎ ስለነበር በድንጋይ መታሁት። ውስጡ የቆየ ዱቄት ይሸታል። ቺንጋው ምስማሩ ላይ ነው፤ ሸረሪት አድርታበታለች። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው። የቱፋ መዶሻ እሱ ባስቀመጠው ቦታ አለ።

«ስማ» አለኝ ቦጂያ።

«ምንም የለም።»

«ቺንጋው የወለቀ ሞተር እንዴት እንደሚሮጥ ታውቃለህ? የሚጎትተው የለ፣ ዝም ብሎ ይሮጣል። እሱ ነው።»

በደረቱ ጀርባዬ ላይ ተደገፈ። ያን ጊዜ ሰማሁት። በካፖርቴ አልፎ፣ በጎድኔ አልፎ መጣ፤ ፈጣን፣ ደረቅ፣ ማረፊያ የሌለው ምት። ዓይኔ ቺንጋው ላይ ነበር፤ አልተነቃነቀም። የተማርኩት ሁሉ ጥሎኝ ሄደ፤ ለአንድ አፍታ ቱፋ እዚያ መኖሩን አመንኩ። ቀስ ብዬ ዞሬ እጄን ደረቱ ላይ ሳሳርፍ ነው ወፍጮው የት እንዳለ ያወቅሁት።

መድኃኒቱን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ከኪሱ አወጣ። መስኮቷ አርባ ስድስት ማለት ሲገባት አሥራ አንድ ትላለች።

«ደረቴ ሲከብድ እሰጠዋለሁ» አለ። «ሞተር ሲከብደው አንተ ምን ታደርጋለህ?»

በሚኒባስ አምቦ ሆስፒታል አደረስኩት። ሮብሳን የሚባል ነርስ የልቡን ምት በማሽን አይቶ ፊቱ ተለወጠ።

«ኦቦ ቦጂያ፣ ይሄ መድኃኒት አንዴ ከገባ ግማሽ ቀን ይቆያል። የፊተኛው ሥራውን ሳይጨርስ ሌላ ሲደርቡበት የሚያስሮጡት ልብዎን ነው።»

ቦጂያ እንግዲያው ልጣለው አለ። ነርሱ በልኩ ሲወሰድ እንደሚጠቅመው፣ በገዛ እጁ ማቋረጡ ደግሞ ሌላ አደጋ እንደሆነ አስረዳው። ድንገት ሲያፍነው የሚወስደው ቶሎ የሚሠራ ሌላ መድኃኒት ጨመረለት፤ እሱም ካላሻለው ሳይውል ሳያድር እንዲመጣ አስጠነቀቀው። ሁለት ቀን አስተኝተው ለቀቁት።

ወፍጮው ቆመ። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር።

«ቱፋ ሄደ ማለት ነው» አለኝ ወደ ጊንጪ ስንመለስ።

አሁን የቆየውን ዱቄት አስጠርጎ መድኃኒቱን ከቺንጋው ጎን በሰቀላት ከረጢት ያስቀምጣል። ቶሎ የሚሠራው ከኪሱ አይለይም። ጠዋት ወፍጮ ይከፍት በነበረበት ሰዓት ሄዶ አንዴ ይስባል፤ ምሽት ይዘጋ በነበረበት ሰዓት አንዴ ስቦ፣ እንደታዘዘው አፉን ተጉመጥምጦ ይተፋል። ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ «ቱፋ፣ ዘጋን» ይላል።

ወዲያው አይሄድም። ቁልፉን እንደያዘ ጆሮውን ወደ ውስጥ አዘንብሎ ትንሽ ይቆያል። አንዳንድ ቀን አብሬው ስሆን እኔም እቆያለሁ።