የአጎቴ አምስት መስመር

አትላንታ ውስጥ ወረቀት የቸገረው ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔ ነው። የዜግነት ፎርም ቢሆን፣ የኢንሹራንስ ደብዳቤ ቢሆን፣ ከአገር ቤት የመጣ የልደት ሰርተፍኬት ቢሆን፣ «ለሽማግሌው አሳዩት» ይባላል። ከኬኔሶ ድረስ ነድተው ሎረንስቪል ቤቴ ይመጣሉ። አንድም ቀን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አልተማርኩም። አማርኛውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ፤ እንግሊዝኛውንም እንደዚያው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱት ልጆቼ እንኳ ውል ከመፈረማቸው በፊት ያስነብቡኛል። ይህን የማወራው ለጉራ ብቻ አይደለም። ቀጥሎ ያለውን የሚናገረው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እንድታውቁልኝ ነው።

ባለፈው መስቀል ልጆቼ ሁሉ ቤቴ ተሰብስበው ነበር። ኮሰረት የገባበት ቅቤ እየተነጠረ ሽታው እስከ ጋራዡ ደርሷል። አማርኛ የማስተምራትን የልጅ ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ፣ ከአገር ቤት የመጣ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ሰጠኋት። ሁለት መስመር አነበበችና ቆመች።

«አባባ፣ ይሄን ማንበብ አልችልም። ሀንድራይቲንጉ፣ ላይክ፣ በጣም ከባድ ነው። አንተ አንብበው።»

እናቷ ከወጥ ቤት «አንቱ በይ!» ብላ ጮኸች። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ልጅቷ ምንም ሳታፍር «አልችልም» አለች፤ ቤት ሙሉ ዘመድ ፊት። እኔ በእሷ ዕድሜ ያቺን አንዲት ቃል ማለት አልቻልኩም ነበር።

ያን ጊዜ መስቀል ሲደርስ አባቴ መርካቶ ያለችውን ሱቁን ይዘጋና ጉራጌ አገር፣ አያቴ ቤት እንወርዳለን። አጎቶች፣ አክስቶች፣ ከየከተማው የመጡ የአጎት ልጆች፤ ማታ ማታ እኛ ልጆች በአንዱ ክብ ቤት ውስጥ እንደ እንጨት ተደርድረን እንተኛለን። ጠዋት የሚቀሰቅሰን ከግድግዳው ወዲያ ያለው የከብቶቹ ትንፋሽና ንፋስ የሚያወዛውዘው የእንሰት ቅጠል ድምፅ ነበር። ለበዓሉ የተቀለበው በሬ ደጅ ታስሮ፣ ከመወፈሩ የተነሳ ጀርባው ያብረቀርቃል።

እኔ የቤቱ ጉድ ነበርኩ። ስኳር ከምንጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ፊደል ለቅሜ ማንበብ ችያለሁ። አያቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጠርቶ ያስነብበኛል። የአጎቴ ልጆች ቀንተው «የስኳር ወረቀት ሊቅ!» ይሉኛል። ስድብ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

በእኛ ዘንድ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ የመስቀል በሬ አይታረድም። ሆን ብሎ የቀረ እንደሆነ ግን ቤቱ ነጻ ነው፤ ያለ እሱ ይታረዳል። ትንሹ አጎቴ አያቴ ያጨለትን ልጅ አላገባም ብሎ ድሬዳዋ ከሄደ ሦስት መስቀል አልፎ ነበር። በዚያ ዓመት፣ የእርዱ ዋዜማ ቀትር ላይ፣ አንድ መንገደኛ ከእሱ የተላከ ደብዳቤ አመጣ። አባቴ ቁጥር እንጂ ፊደል አያውቅም። በመንደሩ የሚያነቡት ቄሱ ብቻ ናቸው፤ ቤታቸው ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው።

አያቴ «ቄሱን ጥሩልኝ» ማለት ሲጀምር «እኔ አነበዋለሁ!» አልኩ።

ወረቀቱን ዘረጋሁት። ጋዜጣ ላይ ያለው ፊደል ለየብቻው ቆሞ ይታያል፤ ይህ ግን ጸሐፊ በጥድፊያ የጻፈው፣ አንዱ በአንዱ ላይ የወደቀ ጽሕፈት ነበር። ከአምስቱ መስመር የያዝኩት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አልደርስም» ይላል። ያ ሁሉ ሰው ያየኛል። የአጎቴ ልጆች አፋቸውን ለሳቅ አዘጋጅተዋል።

«ለመስቀል አልደርስም፣ ሥራ በዝቶብኛል ይላል» አልኩ።

አያቴ ወረቀቱን በዓይኑ ለካው። «ረጅም ነው እኮ። ሌላስ?»

«እኔን አትጠብቁ። ያለ እኔ ብሉ።»

ይህን ከራሴ አወጣሁት። አያቴ «እንግዲያው ነገ ይታረዳል» አለ።

በእርዱ ማግስት፣ ፀሐይዋ ጀፎረውን፣ ማለትም ያን ሰፊ ሣር የለበሰ የመንደር መንገዳችንን፣ ስታሞቀው አጎቴ ብቅ አለ። ክንዱ ላይ አዲስ ካፖርት አንጠልጥሏል። ደጃፉ ላይ ሲደርስ በችካል ተወጥሮ የሚደርቀውን የበሬ ቆዳ አየና ቆመ።

«ደብዳቤዬ አልደረሰም?»

«ደርሷል» አለ አያቴ። «ተነብቦልኛል።»

አጎቴ ካፖርቱን አጥሩ ላይ ሰቅሎ በመጣበት ተመለሰ። አክስቴ «ወንድሜ! ወንድሜ!» እያለች እስከ ጀፎረው ጫፍ ሮጠች። ዞር ብሎ አላያትም። እኔ እንሰቱ ውስጥ ተደብቄ ነበር። እያለከለከች መጥታ አገኘችኝ።

«አንተ፣ ያን ወረቀት በደንብ አንብበኸዋል?»

«አዎ።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ደብዳቤውን ከመቀነቷ ፈትታ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተተችው። «እንግዲያው አንተ ያዘው» አለች። ካፖርቱን አያቴ ማንም እንዳይነካው ከለከለ፤ እስክንሄድ እዚያው አጥሩ ላይ ንፋስ ሲያወዛውዘው ነበር።

የእጅ ጽሕፈት የተማርኩት ከዚያች ወረቀት ነው። ሱቁ ጓሮ ተቀምጬ ከጋዜጣው ፊደል ጋር እያስተያየሁ፣ በአንድ ክረምት ጨረስኩት። እንዲህ ይላል፦

«አባቴ ሆይ፣ መኪና ስላጣሁ ለእርዱ ቀን አልደርስም። በማግስቱ እገባለሁ። በሬው አንድ ቀን ይጠብቀኝ። እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ ሳልጠይቅ ቢላ እንዳይነካው። ልጅዎ።»

ይህን ሳነብ አያቴ በሕይወት ነበር። ከዚያም በኋላ ሁለት መስቀል ከአንድ ገበታ በላን። እንግዳ ሲመጣ አሁንም ይጠራኝና አስነብቦኝ ራሴን ይዳስሰኛል። አልነገርኩትም። አጎቴ ለቀብሩ እንኳ አልመጣም፤ የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ደብዳቤው እዚህ ሎረንስቪል፣ ከዜግነት ወረቀቴ ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ ይኖራል። ባለፈው መስቀል፣ ያን ቀን አወጣሁትና ለልጅ ልጄ አነበብኩላት። አንድም ቦታ አልተደናቀፍኩም።

«ከዛስ አባባ? ጠበቁት?» አለችኝ።

በዕድሜዬ የቻልኩትን ልቁጠር። ከስኳር ወረቀት ላይ ፊደል ለቅሜ አንባቢ ሆኛለሁ። በታክሲ ሬዲዮ እንግሊዝኛ ተምሬያለሁ። የዜግነት ፈተናውን አንድ ጥያቄ ሳልስት አልፌያለሁ። ቤት ገዝቻለሁ፤ ሦስት ልጆች አስመርቄያለሁ። ለስንቱ ሰው ለኢሚግሬሽን ዳኛ ደብዳቤ ጽፌ ከቤተሰቡ ጋር አገናኝቻለሁ። ያን ቀን ደግሞ ልጆቼ ሁሉ እየሰሙ፣ «አልጠበቁትም። ማንበብ አልችልም ለማለት አፍሬ፣ አትጠብቁኝ ብሏል ብዬ ዋሸኋቸው» አልኳት።

እሱንም ቻልኩ።