ያልዞርንበት ከሰዓት

ክፍሉን መጀመሪያ ሳየው ወለሉ አልታየኝም፤ የሚታየው ሰው ብቻ ነበር። ፖሊሱ ከኋላዬ ገፋ አደረገኝና በሩን ቆለፈ። የታሰርኩት አንድ ስብሰባ ላይ ተነስቼ የተሰማኝን ስለተናገርኩ ነው። ከዚያ በኋላ አፌን ላልከፍት ለራሴ ምዬ ነበር።

“እዚህ የሚተኛው በጎን ነው” አለኝ የእስረኞቹ አለቃ፣ ካቦው። ጨዋታ የማያልቅበት ጎልማሳ ነበር። “ሳጨበጭብ ሁላችንም እንዞራለን። ብቻዬን ልዙር ካልክ ጎረቤትህን ትጨፈልቃለህ። በዚህ ጉዳይ ዲሞክራሲ የለም።”

ሁሉም ሳቁ። ቦታው ስለማይበቃን ቀንም ሌሊትም በተራ እንተኛ ነበር። ሰውነቴ ቶሎ ለመደው፤ ጭብጨባ ስሰማ በእንቅልፍ ልቤ እዞር ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ከምርመራ መልሰው አጠገቤ አስተኙት። ጀርባውም ቀኝ ጎኑም አይነካም። በግራው ተኝቶ ፊቱን ወደ እኔ አደረገ፤ ትንፋሹ ፊቴ ላይ ነበር። ገና ዓይኑን ከመክደኑ ካቦው አጨበጨበ። ሰውየው ዓይኑን ገልጦ አየኝ።

“አትዙሩ” አልኩ።

የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ። ካቦው ሊደግም እጆቹን አነሳ፤ ሰውየውን አየና መልሶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጣቸው። ጎናችን ደነዘዘ። አንዳንዱ ጥርሱን ነከሰ፤ የዞረ ግን አልነበረም። ሰውየው እንቅልፍ ወሰደው።

በማግስቱ ጠርተው ወሰዱት። አልተመለሰም። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

ዘንድሮ ልጄ በምትኖርበት በኤምሬትስ፣ አል ዐይን ከተማ ሆስፒታል ውስጥ፣ ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ ተጋደምኩ። ጭንቅላቴ ውስጥ እጢ ተገኝቷል። ሐኪሟ ከመቁረጧ በፊት የንግግሬ ነርቮች በየት በኩል እንደሚያልፉ ማየት አለባት፤ ካላየች ድምፄን ይዛው ልትሄድ ትችላለች። ማሽኑ እንደ ካቦው ጭብጨባ ጧ ሲል ዞርኩ።

“ጋሼ፣ ተንቀሳቀሱብኝ እኮ!” አለኝ ባለሙያው በድምፅ ማጉያው። የወሎ ልጅ ነው። “ኸላስ፣ ይኼ ተበላሽቷል። ሙሉውን ልድገም ብል ሰዓት የለኝም፣ ቀጣዩ ታካሚ ውጭ እየጠበቀ ነው።”

“ታዲያ ምን ይሻላል?”

“ማሽኑ የሚለካው በአእምሮዎ ውስጥ ውኃው ወዴት እንደሚንቀሳቀስ ነው። ከብዙ አቅጣጫ ነበር የማነሳው፤ አሁን ከነሱ ጥቂቱን ብቻ አራርቄ አነሳለሁ። ግን መጠባበቂያ የለኝም። አንዱም ቢበላሽ ነርቮቹ በደንብ አይታዩም። በአላህ፣ አይንቀሳቀሱብኝ።”

ማሽኑ እንደገና ጧ አለ። ትከሻዬ ሊዞር ሲል ያ ትንፋሽ ፊቴ ላይ መጣ። ፈራሁ፣ አልዋሽም። ግን አልዞርኩም።

“ማሻአላህ!” አለ ባለሙያው ሲያወጣኝ። “አሁን እንዴት ቻሉት?”

“አጠገቤ የተኛ ሰው ነበር” አልኩት። ወደ ባዶው ማሽን ዞር ብሎ አየ፤ ሌላ አልጠየቀኝም።

ከቀዶ ሕክምናው ስነቃ ልጄ ከአቡ ዳቢ መጥታ አልጋዬ አጠገብ ቆማለች። “አባዬ፣ ፕሊስ፣ እስኪ አንድ ነገር በለኝ” አለች።

“አትዙሩ” አልኩ።

በደስታ አለቀሰች፤ ሐኪሟን ልትጠራ ሮጠች። ለማን እንዳልኩት አልጠየቀችኝም።

አሁን ያሻኝን እናገራለሁ። ልጄ ቤት የሰጠችኝ አልጋም ሰፊ ነው። ከሰዓት ጋደም ስል ግን ትንፋሹ ይመጣል፤ ጎኔ እስኪደነዝዝ አልዞርም።