ለአፈር የተቀቀለ ቅንጬ

በታኅሣሥ አምቦ ላይ ዝናብ የሚጠብቅ ሰው የለም። ሆኖም በዚያ ዓመት ከላብራቶሪዬ አጥር ማዶ የሚኖሩት ሴቶች ያሰጡትን በርበሬ እየተጣደፉ ይሰበስቡ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አፈር ዝናብ ሲነካው የሚሸተው ሽታ በውስጡ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚመጣ ነው፤ እኔ ደግሞ እነዚያኑ በጠርሙስ አሳድግ ነበር። መስኮቱን ስከፍት ሽታው አጥሩን ይሻገራል። ሄጄ አስረዳኋቸው። በትሕትና ሰሙኝና በሚቀጥለው ጊዜም በርበሬያቸውን ሰበሰቡ።

ላብራቶሪ የምለው በእርሻ ጣቢያው ግቢ ውስጥ የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ክፍል ነው። ለማስትሬት ዲግሪዬ የማቀርበውን ጥናት እዚያ ነበር የምሠራው። ሁለት ዝርያ ባክቴሪያዎች ነበሩኝ። ነጩን ያገኘሁት ወንጪ፣ ከሐይቁ በላይ ካለ የእንሰት ጓሮ ነው፤ ስትሬፕቶማይሲን የሚባለውን መድኃኒት ራሱ ስለሚሠራ መድኃኒቱ አይጎዳውም። ቀዩ የአምቦ ልጅ ነው፤ ያንኑ መድኃኒት ካገኘ ይሞታል። ጥያቄዬ ሁለቱ አብረው ቢያድጉ ነጩ ያን መድኃኒት የመቋቋም ባሕርዩን ለቀዩ ያቀብለዋል ወይ የሚል ነበር። ለተወሰኑ ቀናት አብሬ አሳድጌ፣ መድኃኒት የተቀላቀለበት ሳህን ላይ እዘራቸዋለሁ። በዚያ ሳህን ላይ ቀይ ከበቀለ ተቀብሏል ማለት ነው።

ምግባቸው የአጃ ቅንጬ ነው። አጃውን የምገዛው ከጣቢያው በር ፊት ለፊት ሱቅ ከነበራቸው፣ ከስልጤ ከመጡ አንድ ጎልማሳ ነጋዴ ነበር። ለምን እንደምፈልገው ስነግራቸው ብዙ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ለደንበኛው ሁሉ ለአፈር ቅንጬ የምትቀቅል ሴት ብለው ያስተዋውቁኛል፤ ይህን ሙያ ይዤ ባል ማጣቴ እንደሚያሳዝናቸውም ይጨምሩበታል። ግን ንጹሑን አጃ ለይተው የሚያስቀምጡት ለኔ ነበር።

ሲስቁ ሳል ይቀድማቸዋል። ቆይቶ የሳንባ ነቀርሳ መሆኑ ታወቀና በየቀኑ ጤና ጣቢያ እየሄዱ መርፌ መወጋት ጀመሩ። መርፌው ያው የኔ ስትሬፕቶማይሲን ነው።

በዚያው ሰሞን ሳህኔ ላይ ሁለት ቀይ ነጠብጣቦች በቀሉ። ከደስታዬ ብዛት ክፍሉን ሁለት ጊዜ ቆለፍኩት። አማካሪዬ ከአዲስ አበባ መጥቶ አያቸውና ቀዩ ከነጩ ምንም ሳይቀበል፣ ራሱን በራሱ ለውጦም ሊሆን ይችላል አለ። ሥራውን እንድደግመው፣ ከጎኑም ቀዩን ብቻውን እንድዘራ አዘዘኝ። ብቻውን የተዘራው ካልበቀለ ያምነኛል። ለላብራቶሪ የሚሆነው መድኃኒት ስለማይመጣ እኛም የምንጠቀመው ለመርፌ የሚሸጠውን ብልቃጥ ነበር። የቀሩኝ ብልቃጦች ለዚህች አንድ ሙከራ ልክ ይበቁ ነበር።

የነጋዴው ሚስት የመጡት ቅንጬውን ጥጄ ሳማስል ነው። ጤና ጣቢያው «ቆሪቺ ሂን ጂሩ፣ መድኃኒት የለም» ብሎ መልሷቸዋል። መቼ እንደሚመጣም የሚያውቅ የለም። ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ያ መርፌ አንቺ ጋ አለ ይላሉ» አሉኝ።

ተናደድኩ። በሳቸው፣ በባላቸው፣ ለሰው ወሬ ባቀበለው የጣቢያችን ሰው ሁሉ ተናደድኩ። ሰውዬው ለመታመም ሌላ ወር አጥተው ነው? አያለሁ ብዬ ሸኘኋቸውና ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ለእርዳታ አልነበረም፤ መርፌውን የሚወጋቸው ድሬሰር፣ ጥቂት ቀን ቢዘለል ምንም አይደለም እንዲለኝ ነበር የፈለግሁት።

ድሬሰሩ የኔን ሐሳብ ከየት ያውቃል! «ካቋረጡ በሽታው መድኃኒቱን ይለምዳል» አለኝ። «ከዚያ በኋላ ቢገኝም ላይሠራላቸው ይችላል።»

ራሱን በራሱ ይለውጣል ማለቱ ነው። አማካሪዬ ስለ ቀዩ የነገረኝን ነው ስለ ሰውዬው ሳንባ የሚነግረኝ። በከተማው ውስጥ ይህን አላውቅም ለማለት የማልችል ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። ተመልሼ ብልቃጦቹን በካርቶን አመጣሁለት። ማሸጊያቸውን አንድ በአንድ አገላብጦ አየና ተቀበለኝ።

ሙከራውን ያለ መድኃኒት ሠራሁት፤ እጄ ሥራ እንዳይፈታ። ሁሉም በቀለ፤ ነጩም ቀዩም። ምንም አያስረዳም። የመድኃኒቱ ጭነት ሲደርስ መብራት ጠፍቶ ከርሞ ሁለቱ ቀዮቼ ማቀዝቀዣው ውስጥ ሞተው ነበር፤ ሌላ እንደነሱ አልበቀለልኝም። አማካሪዬ ጽሑፌ ላይ «ተቀብሏል» የሚለውን ሰርዞ «ሳይቀበል አይቀርም» ብሎ ጻፈበት። ዲግሪውን አገኘሁ። ቀዮቹ ግን እስከ ዛሬ ይቆጩኛል፤ አይቆጩኝም ብል ውሸት ነው።

በዓመቱ፣ በታኅሣሥ፣ ነጋዴው አጃ ተሸክመው ራሳቸው መጡ። ላብራቶሪውን አይተውት አያውቁም ነበር። በሩ ላይ ቆሙና አየሩን በረጅሙ ሳቡት። ሳሉን ጠበቅሁ። አልመጣም። እንደገና፣ ከበፊቱ አስረዝመው ሳቡ።

«ዝናብ ዝናብ ይላል» አሉ።

ልቤ በደስታ ሞላ። ፊቴን የማደርግበት ስላጣሁ ዞሬ መስኮቱን ከፈትኩ፤ ከአጥሩ ማዶ ሴቶቹ በርበሬያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ።