ያኮሚና በጣሪያው ሥር

ያኮሚና ፈሪ ነበረች። በስሃውዌን ደሴት፣ ከባሕር ዝቅ ብሎ በአፈር ግድብ በሚጠበቀው በዚያ የሆላንድ ገጠር፣ ይህን የማያውቅ አልነበረም። ውሻ ትፈራለች፤ መብረቅ ትፈራለች። ከሁሉ በላይ ግን እግዚአብሔርን ትፈራው ነበር፤ ጥፋት ያለበት አሽከር ጌታውን እንደሚፈራው። ሠላሳ ዓመት ቤተ ክርስቲያኑን ስትጠርግ፣ አግዳሚውን ስትወለውል ኖራ አንድም ቀን ወደ ጌታ ማዕድ፣ ወደ ቁርባኑ፣ አልቀረበችም። «እግዚአብሔር ለመዳን እንደ መረጠኝ በምን አውቄ?» ትላለች። በዚያ አገር እንደ እሷ ማዕዱን ከሩቅ እያዩ ያረጁ ብዙ ነበሩ።

ጎረቤቷ ክራይን ዕድሜውን ቦይ ሲቆፍር የጨረሰ፣ ወገቡ አልነሣ ብሎት አልጋ የያዘ ሽማግሌ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የምታጎርሰው እሷ ናት። እሱ ደግሞ ምላሱ አያርፍም፤ «ዛሬስ ጌታሽ ምን አለ? አሁንም እያሰበበት ነው?» ይላታል።

በፈረንጆቹ 1953 ጎርፍ፣ እሑድ ማለዳ፣ የቅዳሜውን ሾርባ ይዛለት ስትገባ ውሃው ተከትሏት ገባ። ግድቡ ተደርምሶ ነበር። ሳህኑን ጥላ ሽማግሌውን በብብቱ ይዛ በጠባቡ መሰላል ወደ ጣሪያው ሥር ጎተተችው።

«ወገቤን! የድንች ጆንያ መሰልኩሽ እንዴ?»

«ዝም ይበሉ ጋሽ ክራይን፤ በእግርዎ ይግፉ!»

ከጣሪያው ሥር የተሰቀለ ሽንኩርት እንጂ ሌላ የሚበላ አልነበረም። «ሬሳችን እንኳ ሽንኩርት ሽንኩርት ሊሸት ነው» አለ ክራይን። ያኮሚና አልሳቀችም። አንድ የጣሪያ ሸክላ ገፍታ በቀዳዳው ወደ ውጭ ታያለች። ላሞች ሆዳቸው ተነፍቶ ይንሳፈፋሉ። ከማዶው ጣሪያ ላይ ሰባት ሰዎች ተቃቅፈው ነበር፤ ቆይታ ስታይ አራት ናቸው። ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ዳግመኛ ሲሞላ ቤቱም የለም፣ ሰዎቹም የሉም።

ውሃው የመሰላሉን ጫፍ ነካ። የታችኛው ግድግዳ ሲሰነጠቅ ወለሉ ተንቀጠቀጠ።

«ጸልዪ እንጂ» አለ ክራይን ጥርሱ እየተንገጫገጨ። የማሾፍ አልነበረም። «ያን ሁሉ ዘመን የጠረግሽለት ለመቼ ነው?»

አፏን ከፈተች። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትደግመው መዝሙረ ዳዊት ድርግም ብሎ ጠፋባት። አንዲት ቃል አልመጣላትም። እጇን አጣጥፋ ቁጭ አለች። ያኔ ነው የሆነው። ድምፅ አልሰማች፣ ብርሃን አላየች። ዓይኑን የጨፈነ ሰው አጠገቡ ሌላ ሰው መቀመጡ እንደሚታወቀው፣ እንዲሁ ታወቃት።

«እዚህ ነው» አለች።

«ማን?»

«እሱ ነዋ።»

ክራይን ዞሮ ውሃው የነካውን መሰላል አየ። «ታዲያ ውሃውን አያቆመውም?»

«እንጃ።»

«ተቆጥቷል?»

ይህን ጥያቄ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠይቀው የኖረች እሷ ነበረች። «አልተቆጣም» አለች፤ ድምጿም አልተንቀጠቀጠም።

ሽማግሌው እጇን ያዘ። ሳይመሽ ብርዱ ገደለው። ውሃው እንዳይወስደው በገዛ ቀበቶው ከምሰሶው ጋር አሰረችው፤ አጠገቡም ተቀመጠች። ሰኞ ቀትር ላይ ጀልባ መጣ።

«ለሬሳ ቦታ የለንም እናቴ» አሏት። ትታው ወረደች።

ጀልባው ያደረሳት ውሃው ባልነካው ከተማ ወዳለ ትምህርት ቤት ነው። ቤተ ክርስቲያኗን ከሚመሩት ሽማግሌዎች አንዱ እዚያው ሲያገኛት ነገሩን ሁሉ ነገረችው።

«እርግጠኛ ነሽ እሱ እንደነበረ? ፍርሃት ብዙ ያሳያል።»

«ፍርሃትንማ አውቀዋለሁ፤ እሱ አልነበረም።»

«እንግዲያው ወደ ማዕዱ ልትቀርቢ ነው?»

«በኋላ እናወራዋለን አባቴ። ሬሳ የሚያጥብ ሰው ጠፍቷል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

በክፍሎቹ ውስጥ ሙታኑ በተርታ ተኝተዋል። ሕፃናትም አሉ። ያኮሚና እጅጌዋን ሰብስባ ገባች። ጭቃውን ከጆሯቸው፣ ከጥፍራቸው ሥር አወጣች። በጣሪያው ሥር የታወቃትን ጌታ ፈለገችው፤ እንደዚያ ሆኖ አልታወቃትም። ቢሆንም ማጠቧን አላቆመችም።

ክራይንን ያመጡት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። «ይሄ የኔ ነው» አለችና ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀደችም።