ሁለት መቶ ሃያ አንድ ወንበር

ወይዘሮ ሸዋአየሁ ቁጥር ሲያዩ ምንድን ነው የሚታያቸው? ጎረቤታቸው ሔኖክ፣ በአንድ ግድግዳ ተለያይተው እየኖሩ፣ ዛሬም አልገባውም። እሳቸው ትምህርት ከአምስተኛ ክፍል አቋርጠው ካዛንቺስ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ጥልፍ ጠልፈዋል፤ ሠፈሩ ፈርሶ ቂርቆስ ከገቡም በኋላ መርፌው ከእጃቸው አልወጣም። የጨርቁን ክር ቆጥረው "ይሄ ለስምንት እሺ ይላል" ይላሉ። ለማንም እሺ የማይለውን፣ እኩል የማይካፈለውን ቁጥር "እልኸኛ" ይሉታል። እልኸኛ ቁጥር ላይ የተጀመረ ጥለት ቀሚሱ ጫፍ ሲደርስ የመስቀል ቅርጹ ተቆርጦ ይቀራል።

ሔኖክ የእድሩ ጸሐፊ ነው። በደንቡ መሠረት የለቅሶ ተረኛ ቡድኖች እኩል ሰው ሊኖራቸው ይገባል፤ ድሮ አንዱ ቡድን በሁለት ሰው አንሶ የተነሳው ጭቅጭቅ ከሐዘኑ በላይ ቆይቷል። ካዛንቺስ ሲፈርስ ብዙ አባል ወጥቶ ሁለት መቶ ሃያ አንድ ቀሩ።

"ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአምስት፣ ለሰባት፣ ለአስራ አንድም ሞከርኩት" አለ ሔኖክ የእሁዱ ስብሰባ ላይ። "በቃ፣ አይካፈልም።"

ሊቀመንበሩ አቶ ኦልጅራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲያው አንድ ሰው ይቀነስ። ሁለት መቶ ሃያ ከሆንን አስራ አንድ ቡድን፣ ሃያ ሃያ ሰው። ወይዘሮ ትርሓስ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፤ እዚያው እድር ይፈልጉ።"

ትርሓስ እግራቸውን ታመው አልመጡም። ባልም ልጅም የላቸውም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ግን ከሰው ቀብር ቀርተው አያውቁም። በሰባ ዓመታቸው ማን አዲስ እድር ያስገባቸዋል? ማንስ ይቀብራቸዋል? ሔኖክ ወረቀቱን አየ። እያስወጣቸው ያለው የሱ ስሌት ነው።

"ሔኖኬ፣ አስራ አንድ ላይ ምነው ቆምክ? ደከመህ?" አሉ ወይዘሮ ሸዋአየሁ።

"ማለቴ፣ እትዬ ሸዋ፣ ከዚያ በላይ የሚሆን አልመሰለኝም።"

"አስራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ የተማርከው እንዲመስልህ ነው?"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እሳቸው ግን የእድሩን ንብረት ክፍል አስከፍተው ሁለት መቶ ሃያ አንድ ወንበር ግቢው ውስጥ አስወጡ። "አስራ አምስት ረድፍ፣ በየረድፉ አስራ አምስት!"

የመጨረሻው ረድፍ አስራ አንድ ላይ አለቀ።

"ይኸው፣ አራት ጎደለ!" አሉ አቶ ኦልጅራ።

"ይጉደል። አሁን የኋለኞቹን ሁለት ረድፎች አፍርሱና ለቀሩት ሁለት ሁለት ጨምሩ።"

ከፈረሱት ረድፎች ሃያ ስድስት ወንበር ተነሳ። ሔኖክ እየተሸከመ ለየረድፉ ሁለት ሁለት አደለ። የመጨረሻዋን ወንበር አስራ ሦስተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ሲያስቀምጥ እጁ ባዶ ቀረ፤ መሬት ላይም የተረፈ የለም።

"አስራ ሦስት ቡድን፣ አስራ ሰባት አስራ ሰባት ሰው" አሉ ወይዘሮ ሸዋአየሁ። "ከትልቅ ሙሉ ካሬ አራት የጎደለው እልኸኛ አይሆንም። ጥልፍ ላይ ስንቴ አግኝቼዋለሁ!"

"ምነው ታዲያ ቀድመው ቢነግሩን?" አሉ አቶ ኦልጅራ።

"ማን ጠየቀኝ?"

ማታ ወይዘሮ ሸዋአየሁ ስም ዝርዝሩን አስተካክለው ትርሓስን ራሳቸው ያሉበት ቡድን ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ለትርሓስ ስልክ ሲደውሉ ድምፃቸው ግድግዳውን አልፎ ለሔኖክ ተሰማ። "የምንቀብርሽ እኛው ነን አልኩሽ! አንቺ ብቻ አትቸኩይ!" ሁለቱ ሴቶች ረጅም ሰዓት ተሳሳቁ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ መብራት አጥፍተው የተኙት ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ነው።