ያልገባሁበት ጥግ

ውሃ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁለት ዓይነት ነው እያልኩ ብዙ ዓመት አውርቻለሁ። አንዱ እንደ እኔ ትንፋሹንና እጁን የሚያምን፣ ሌላው ወረቀት የሚያምን። ሁለተኛውን ፈሪ እለው ነበር። ፈሪው እኔ ነበርኩ።

ሥራችን ጠላቂ ዋናተኝነት ነው። ባሕር በሌለበት ከተማ ጠላቂ ምን ይሠራል ብለው የሚስቁብን አሉ። የሚስቁት ክረምት እስኪገባ ነው። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ በእንጦጦ ዳገት፣ ድንጋዩ ወጥቶ ያለቀባቸው ካባዎች አሉ። ጉድጓዱን ዝናብ ይሞላዋል፣ ወጣቶች ሊዋኙ ይወጣሉ፣ ከዚያ እኛ እንጠራለን። የምናወጣው ሕያው ሰው አይደለም፤ ቤተሰቡ የሚቀብረውን ነው።

እኔ ጠለቃ የለመድኩት ሐይቅ ዳር ነው፣ የዓሣ አጥማጆች መረብ ሥር ሲይዘው እየገባሁ ስፈታ። ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ቁጥር አውቃለሁ፤ የቀረኝን አየር የሚያሳየውን ጌጅ አነባለሁ። ፊደል ግን አላውቅም ነበር፣ ይህንንም መሥሪያ ቤት ውስጥ ማንም አያውቅብኝም። ፎርም ሲመጣ "መነጽሬን ረስቼ" እላለሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።

አብሮኝ የሚጠልቀው ልጅ በአሥራ አምስት ዓመት ያንሰኛል፣ በኮርስ የሠለጠነ ነው። ከመግባቱ በፊት ዕቃውን ሁለቴ ይፈትሻል፣ ጉድጓዱን በገመድ ይከፋፍላል፣ አየሩ ግማሽ ሲደርስ ይወጣል። ያበሽቀኝ ነበር።

"ግማሽ አየር ይዘህ ወጣህ? ሰፈር ወስደህ ልታድለው ነው?"

"ጋሼ፣ ግማሹ የመመለሻ ነው።"

"እናቱ እዚህ ቆማ እያለቀሰች መመለሻ ትቆጥራለህ?"

"አንተም እዚያው ከቀረህ ለሁለት ሰው ልታለቅስ ነው" ይለኛል፣ የዋና ልብሱን እየጎተተ። እኔ እስቃለሁ።

አንድ የነሐሴ ቀን ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው ወጣት ጠፋ ተብለን ተጠራን። ቦርሳው ካባው ዳር ተገኝቷል፣ ውሃ ሲገባ ያየው ግን የለም። አባቱ፣ ሽበታም ሰውዬ፣ ቦርሳውን አቅፈው ቆመዋል። ባልደረባዬ እንደ ልማዱ ጉድጓዱን በገመድ አራት ቦታ ከፍሎ ቀድሞኝ ገባ። ሲወጣ ጆሮው ይደማ ነበር። የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ክሊኒክ ሊወስደው መኪና ሲያስነሳ፣ ባልደረባዬ ውሃ ውስጥ በእርሳስ የሚጽፍበትን ነጭ የፕላስቲክ ሰሌዳ ሰጠኝ።

"ሁሉንም ጽፌልሃለሁ። ግልጽ ነው ጋሼ?"

አየሁት። አራት ሳጥን ሥሎ በአራቱም ውስጥ ጽፏል።

"ግልጽ ነው" አልኩ።

"በአፍህ ንገረኝ" ማለት ይበቃ ነበር። ግን ሾፌሩ አጠገባችን ነው፣ አባትየውም ያዩናል። አፈርኩ።

ሦስቱ ሳጥን ውስጥ ያለው ጽሑፍ አጭር ነው፣ የአንዱ ረጅም። ያልተፈተሸው ቦታ ነው ብዙ ማብራሪያ የሚፈልገው ብዬ ገመትኩ። ረጅሙ የተጻፈበት ገባሁ። ሥሩ የተጠላለፈ እሾሃማ ሽቦ ነው። እጄን እየቧጠጠኝ አየሬ ሊያልቅ ጥቂት እስኪቀረው ዳበስኩ። ምንም የለም። ወጣሁና ለአባትየው "የለም" አልኳቸው።

"እርግጠኛ ነህ ልጄ?"

"አባቴ፣ ልጅዎ እዚህ ውሃ ውስጥ የለም።"

ሰውዬው ጭቃው ላይ ተንበርክከው መሬቱን ሳሙ። ከዚያ ሳቁ። እኔም ደረቴን ነፋሁ፤ ልጃቸውን በእጄ መልሼ የሰጠኋቸው መሰለኝ።

ባልደረባዬ ከክሊኒክ ደወለልኝ። "ሰሌዳው ላይ እንዳለው ፈተሽከው?"

"ፈተሽኩት።"

አባትየው አራት ቀን ፖሊስ ጣቢያ ለፖሊስ ጣቢያ፣ ሆስፒታል ለሆስፒታል ዞሩ። ዘመድ ጋ ሄዶ ይሆናል ብለው መሪ ሰፈር ያለውን የኮንዶሚኒየም በር ሁሉ አንኳኩ። በአምስተኛው ቀን ውሃው ራሱ ልጃቸውን ወደ ላይ አወጣው፣ እኔ ባልገባሁበት ጥግ። ባልደረባዬ ሰሌዳውን ከመኪናው አመጣና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ረጅሙ "ሽቦ ስላለ አትግባ፣ እኔ ጨርሼዋለሁ" ይላል። ከሌሎቹ ሁለቱ "ታይቷል"። አንዱ "አልታየም"። ቀና ብሎ አየኝና ገባው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሰሌዳውን በእጅጌው ጠረገና ዕቃ መሰብሰብ ጀመረ። እኔ የማታ ትምህርት የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው፣ በአርባ ሰባት ዓመቴ፣ ጉልበቴ የማይገባበት የሕፃናት ዴስክ ላይ ቁጭ ብዬ።

ከቀብሩ በኋላ ለቅሶ ሄድኩ። አባትየው ከድንኳኑ ወጥተው ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዱኝ።

"የለም ብለኸኝ ነበር።"

"ውሃው አንቀሳቅሶት ይሆናል አባቴ።"

"ያ ውሃ ወዴት ይሄዳል? እዚያ ካባ ድንጋይ ስፈልጥ ነው የኖርኩት፣ መውጫ የለውም።" ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። "አራት ቀን ለልጄ አላለቀስኩም። ስስቅ ጎረቤት ሰምቶኛል።"

ያን ጊዜ ነገርኳቸው። የተጻፈልኝን ማንበብ እንደማልችል፣ አልችልም ማለት አሳፍሮኝ እንደነበር።

"እኔም አላነብም" አሉኝ። "ወረቀት ሲሰጡኝ ግን አንብቡልኝ እላለሁ።" ከዚያ ወደ ድንኳኑ አመለከቱኝ። "ግባ ተቀመጥ። ሰው እያየን ነው።"

ገባሁ። አግዳሚው ላይ የነበሩት ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ። አንዷ ሴትዮ የንፍሮውን ሳህን እያቀበለችኝ፣ "እጁን እዩት፣ ልጁን ሲፈልግ ነው እንዲህ የተቧጠጠው" አለቻቸው። ሳህኑን ተቀበልኩ።